የስካይሪም ቴክስቸር ሞድ አጫጫን፦ የትኛው ፋይል ያሸንፋል? ቪራሙስ ይበቃል?

ስካይሪም በሚባለው የኮምፒውተር ጌም ውስጥ የሚታይ ነገር ሁሉ፣ ዋይትረን የምትባለው ከተማ የእንጨት ግድግዳም ሆነ የተራራው በረዶ፣ ከሁለት ነገር የተሠራ ነው። አንዱ ሜሽ የሚባለው ቅርጹ ነው። ሌላው ቅርጹ ላይ እንደ ልብስ የሚደረበው ምስል፣ ማለትም ቴክስቸር ነው። ሞድ ማለት ጌሙን ለመቀየር የሚጨመር ፋይል ነው፤ የቴክስቸር ሞድ የሚነካው ይህን ሁለተኛውን ብቻ ነው፤ የድሮውን ምስል በዚያው ስም በተቀመጠ ሌላ ምስል ይተካዋል። ታሪኩን፣ ተልእኮዎቹንና ሴቭ ያደረጋችሁትን ጨዋታ አይነካም። ስለዚህ መቶ ሰዓት የተጫወታችሁበት ሴቭ ላይም ቢሆን ያለ ስጋት መጫንም ማንሳትም ይቻላል።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው። አንድ ሰው አሥር ሞድ አውርዶ አሥሩንም ይጭናል፤ ጌሙን ሲከፍት ግን የሚታየው የሦስቱ ምስል ብቻ ነው፣ በዚያ ላይ ጨዋታው ይቆራረጥበታል። ሞዶቹ ብዙ ጊዜ ምንም ችግር የለባቸውም። ያልተመለሱት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፦ ሁለት ሞድ አንድ ፋይል ይዘው ሲመጡ የትኛው ያሸንፋል? ሁሉም ተደምረውስ የግራፊክስ ካርዱ የራሱ ሜሞሪ፣ ቪራም የሚባለው፣ ይችላቸዋል ወይ? የሚከተለው መመሪያ በዊንዶውስ ላይ ለሚሠራው ስካይሪም ስፔሻል ኤዲሽን ነው፤ አብዛኛው ጊዜውን የሚያጠፋውም እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው።

ከማውረድ በፊት

የያዛችሁት ስካይሪም የትኛው እንደሆነ እወቁ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2011 የወጣው የመጀመሪያው ጌም 32 ቢት ነው። በኦክቶበር 2016 የወጣው ስፔሻል ኤዲሽን 64 ቢት ነው። በ2021 የመጣው አኒቨርሰሪ ኤዲሽን ደግሞ ስፔሻል ኤዲሽን ላይ ተጨማሪ ይዘት የተጨመረበት እንጂ ሌላ ጌም አይደለም፤ ለስፔሻል ኤዲሽን የተሠራ የቴክስቸር ሞድ እዚያም ይሠራል። በሁለቱ ዋና እትሞች መካከል ያለው ልዩነት ግን ቀላል አይደለም። አዲሱ የሚሠራው በዳይሬክትኤክስ 11 ስለሆነ ቢሲ7 የሚባለውን የምስል አጨማመቅ ያነባል፤ የ2011ዱ በዳይሬክትኤክስ 9 ስለሚሠራ ጭራሽ አያውቀውም። በተቃራኒው ለድሮው የተሠሩ ምስሎች አዲሱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራሉ። ሞዶች በሚወርዱበት ኔክሰስ ሞድስ ድረ ገጽ ላይ ሁለቱ የተለያየ ክፍል አላቸው፤ ስትፈልጉ የስፔሻል ኤዲሽኑ ክፍል ውስጥ መሆናችሁን አረጋግጡ።

ጌሙ «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ ካለ አውጡት። ዊንዶውስ ያንን ፎልደር ስለሚጠብቀው የሞድ ፕሮግራሞች ፋይል ሲጽፉ ፈቃድ ይከለክላቸዋል፤ ስህተቱ ደግሞ ሁልጊዜ በግልጽ አይነገራችሁም። ስቲም ላይ ሌላ ድራይቭ እንደ ላይብረሪ ጨምሩና የጌሙን ፕሮፐርቲስ ከፍታችሁ በተጫኑ ፋይሎች ገጽ ላይ ባለው የማዛወሪያ ቁልፍ ውሰዱት። ዳግመኛ ማውረድ አያስፈልግም።

ከዚያ ጌሙን ያለ ምንም ሞድ አንድ ጊዜ ከፍታችሁ ዋናው ሜኑ ድረስ ግቡና ዝጉት። ላውንቸሩ ግራፊክስ ካርዱን አውቆ የአይኒ ፋይሎቹን፣ ማለትም የጌሙን ሴቲንግ የያዙትን፣ የሚፈጥረው ያኔ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ድሮ የተጻፉ ምክሮች አይኒው ውስጥ ገብታችሁ «ዩግሪድስቱሎድ» የሚለውን ከ5 ወደ 7 ወይም 9 ከፍ አድርጉ ይላሉ። አትንኩት። የቴክስቸር ጥራት አይጨምርም፤ ጌሙን በአንድ ጊዜ ብዙ መሬት እንዲሸከም እያስገደደ ሴቩን ያበላሻል።

በመጨረሻ የቪራማችሁን ልክ እዩ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢኤስሲን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፤ ፐርፎርማንስ፣ ቀጥሎ ጂፒዩ፤ «ዴዲኬትድ ጂፒዩ ሜሞሪ» የሚለው ቁጥር ነው የሚፈለገው። «ሼርድ» የሚለውን አትቁጠሩት፤ እሱ ከተራው ራም የሚበደር ነው።

ጌሙ ምስሉን ከየት ያመጣል?

የጌሙ «ዳታ» ፎልደር ውስጥ ከ0 እስከ 8 ቁጥር የተሰጣቸው ዘጠኝ የቴክስቸር ጥቅሎች አሉ። ቢኤስኤ ይባላሉ፤ የጌሙ የራሱ ምስሎች ሁሉ በእነሱ ውስጥ ታሽገዋል። ጌሙ አንድ ምስል ሲፈልግ ግን መጀመሪያ ከጥቅል ውጪ፣ ልቅ ሆኖ የተቀመጠ ፋይል መኖሩን ያያል። ካለ እሱን ይወስዳል፤ ከሌለ ወደ ጥቅሉ ይሄዳል። የቴክስቸር ሞድ ምስጢሩ ይኸው ነው፤ የጌሙን ፋይል ማንም አይሰርዝም።

መስፈርቱ አንድ ነው፦ አድራሻውና ስሙ ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት። ለምሳሌ የመሬቱ በረዶ «ዳታ» ውስጥ፣ «ቴክስቸርስ» ውስጥ፣ «ላንድስኬፕ» ውስጥ «ስኖው01» በሚል ስም በዲዲኤስ ፎርማት ይቀመጣል። አጠገቡ ስሙ በአንደርስኮርና በኤን ፊደል የሚያልቅ ጓደኛ አለው፤ ይህ ኖርማል ማፕ ነው፣ ቀለም ሳይሆን ብርሃን በጉብታውና በስርጉዱ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ የሚነግር። ቀለሙን ከአንድ ሞድ፣ ኖርማል ማፑን ከሌላ ሞድ ከወሰዳችሁ የድንጋዩ ስንጥቅ በቀለም አንድ ቦታ፣ በጥላ ሌላ ቦታ ይወድቃል። ምኑ እንደሆነ ሳይታወቅ «የሆነ ነገር ልክ አይደለም» የሚያሰኝ ገጽታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ሞዱ ራሱ በቢኤስኤ ታሽጎ ከመጣ ሕጉ ይለያል። የሞድ ቢኤስኤ የሚነበበው ስሙን በሚጋራ ፕለጊን፣ ማለትም ጌሙ ሞዱን በሚያውቅበት ትንሽ ፋይል፣ አማካይነት ነው፤ በሁለት ቢኤስኤ መካከል የሚያሸንፈውም ፕለጊኑ ወደ ታች የተቀመጠው ነው። ልቅ ፋይል ግን ሁሉንም ቢኤስኤ ይበልጣል። ቢኤስኤ የሆነ ሞድ ዝርዝሩ ግርጌ ላይ አስቀምጣችሁት ምስሉ አልታይ ካለ መልሱ ይኼ ነው።

የቪራም ሒሳብ

ሰው «4ኬ» የሚል ቃል ሲያይ ይሻላል ብሎ ያወርዳል። ሒሳቡን ግን እንየው። 4ኬ ማለት 4096 በ4096 የሆነ ምስል ነው፤ ወደ 16.8 ሚሊዮን ፒክስል አለው። በቢሲ7 አንድ ፒክስል አንድ ባይት ስለሚይዝ ምስሉ 16 ሜጋባይት ይሆናል። ጌሙ ደግሞ ለርቀት የሚጠቀምባቸው እየቀነሱ የሚሄዱ ቅጂዎች፣ ሚፕማፕ የሚባሉት፣ አብረውት አሉ፤ እነሱ አንድ ሦስተኛ ይጨምራሉ። ድምሩ 21 ሜጋባይት ገደማ ነው። በ2048 (2ኬ) ያው ምስል 5.3፣ በ1024 (1ኬ) ደግሞ 1.3 ሜጋባይት ይይዛል። ቢሲ1 የሚባለው ሌላው አጨማመቅ የእነዚህን ግማሽ ይይዛል። ጨርሶ ያልተጨመቀ የ4ኬ ምስል ግን እስከ 85 ሜጋባይት ይደርሳል።

አንድ ግድግዳ ቀለምና ኖርማል ማፕ ስላለው እጥፍ አድርጉት። ዙሪያችሁ መቶ ዓይነት ገጽታ ቢኖር በ4ኬ ከ4 ጊጋባይት በላይ፣ በ2ኬ 1 ጊጋባይት ገደማ ይጠይቃል። ቪራሙ ሲሞላ ጌሙ ብዙውን ጊዜ አይዘጋም፤ የተረፈው ወደ ተራው ራም ይፈስና በእያንዳንዱ ዞር ባላችሁ ቁጥር ተመልሶ መምጣት አለበት። ካሜራውን ስታዞሩ ለቅጽበት ቆም የሚለው ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል ሞኒተራችሁ 1920 በ1080 ከሆነ ስክሪኑ በሙሉ 2 ሚሊዮን ፒክስል ገደማ ነው። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሳህን ከስክሪኑ አንድ ሃያኛ እንኳ አይሸፍንም፤ ለሳህን 4ኬ መጫን ንጹሕ ብክነት ነው። 4ኬ የሚገባው ስፋት ላለው ነገር ነው፦ ለተራራ፣ ለመሬት፣ አፍንጫችሁ ሥር ለሚቀርብ የከተማ ግንብ።

ስለዚህ 4 ጊጋባይት ቪራም ላለው 1ኬ መሠረት ሆኖ መሬትና ሕንጻ 2ኬ ይሁኑ። 6 ጊጋባይት ላይ ሁሉም 2ኬ። 8 ላይ 2ኬ መሠረት፣ ተራራና መሬት 4ኬ። 12ና ከዚያ በላይ ያለው ብዙ መጨነቅ አያስፈልገውም፤ ኢኤንቢ የሚባለውን ብርሃንና ጥላ የሚያሳምር ተጨማሪ የሚጠቀም ከሆነ ግን እሱም የራሱን ድርሻ እንደሚወስድ ያስብ። የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ላይ ከ1ኬ አትለፉ።

ሞድ ኦርጋናይዘር 2ን ማዘጋጀት

ፋይሎችን በእጅ ገልብጦ «ዳታ» ውስጥ መጣል ይቻላል፣ ግን አትሞክሩት። ሁለተኛው ሞድ የመጀመሪያውን ፋይል ደርቦ ካጠፋው በኋላ መመለሻ የለም። ሁለት ጥሩ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፦ ቮርቴክስ እና ሞድ ኦርጋናይዘር 2። ቮርቴክስ ፋይሎቹን ወደ ጌሙ ፎልደር በሃርድ ሊንክ ያገናኛል፤ ይህ እንዲሠራ ሞዶቹ የሚቀመጡበት ፎልደርና ጌሙ አንድ ድራይቭ ላይ መሆን አለባቸው። ለቴክስቸር ግን ሞድ ኦርጋናይዘር ይመረጣል፤ ማን ማንን እንደሸፈነ ፋይል በፋይል ያሳያል።

አጫጫኑ ይህን ይመስላል። ኢንስቶለሩን አውርዳችሁ መድረሻውን አጭር አድራሻ አድርጉት፤ ለምሳሌ ዲ ድራይቭ ላይ «ሞዲንግ» የሚባል አዲስ ፎልደር። የጌሙ ፎልደር ውስጥ፣ «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ ወይም ዴስክቶፕ ላይ አታድርጉት፤ ዴስክቶፑና ዶክዩመንትስ ከዋንድራይቭ ጋር የተያያዙ ከሆነ ደግሞ ፋይሉ ከሥራችሁ ወደ ክላውድ ሊሸሽ ይችላል። መጀመሪያ ስትከፍቱት ኢንስታንስ ፍጠሩ ይላችኋል። ፖርተብል የሚለውን ምረጡ፤ ሁሉም ነገር አንድ ፎልደር ውስጥ ስለሚሆን ወደ ሌላ ድራይቭ መቅዳት ይቀላል። ጌሙን ካወቀው ስካይሪም ስፔሻል ኤዲሽንን ምረጡ፣ ካላወቀው ፎልደሩን አሳዩት። ከዚያ የኔክሰስ አካውንታችሁን አገናኙ።

ስክሪኑ ሁለት ክፍል ይሆናል። በግራ የሞዶች ዝርዝር ነው፤ የቴክስቸር ሥራ የሚሠራው እዚህ ነው። በቀኝ የፕለጊኖች፣ የዳታና የዳውንሎዶች ገጾች አሉ።

ሁልጊዜ የሚረሳ ነገር፦ ጌሙን ከዚህ በኋላ የምታስነሱት ከሞድ ኦርጋናይዘር ውስጥ፣ በቀኝ ከላይ ባለው ማስጀመሪያ ቁልፍ ነው። ሞዶቹ በእውነት ጌሙ ፎልደር ውስጥ አይገቡም፤ ፕሮግራሙ ጌሙን ሲያስነሳ ብቻ እዚያ ያሉ ያስመስላቸዋል። ከስቲም በቀጥታ ከከፈታችሁ ምንም እንዳልጫናችሁ ሆኖ ይመጣል።

ማውረድ

የሞዱን ገጽ መግለጫ ሳታነቡ አታውርዱ፤ በተለይ ምን ሌላ ሞድ እንደሚፈልግ የሚዘረዝረውን ክፍል። ፋይሎች ገጽ ላይ ዋናው፣ አማራጩና ማሻሻያው ለየብቻ ተቀምጠዋል። ብዙዎቹ ትልልቅ ሞዶች 1ኬ፣ 2ኬና 4ኬ ሆነው ይወጣሉ፤ ከላይ ባሰባችሁት መሠረት አንዱን ብቻ ውሰዱ። ሦስቱን አውርዶ አንዱን ላይ አንዱን መጫን ዲስክ ከመሙላት በቀር ምንም አይጨምርም።

ነፃ አካውንት የማውረጃ ፍጥነቱ የተገደበ ነው፣ ሙሉ ጥቅል ደግሞ ብዙ ጊጋባይት ይይዛል። በሞባይል ፓኬጅ የሚሠራ ሰው ከሙሉ ጥቅል ይልቅ በክፍል የተከፋፈለውን፣ ለምሳሌ ከተማ ብቻ ወይም መሬት ብቻ፣ ቢመርጥ ይሻለዋል። ሌላ ቦታ አውርዳችሁ በፍላሽ የምታመጡ ከሆነ ፍላሹ በፋት32 የተፎረመተ አለመሆኑን እዩ፤ ፋት32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ አድርጉት። ቤት ስትደርሱ ጥቅሉን በ7-ዚፕ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ቴስት» የሚለውን ምረጡ፤ የተበላሸ ጥቅል ከሆነ እዚያው ይናገራል። ደህና ከሆነ የሞድ ኦርጋናይዘሩ ዳውንሎድስ ፎልደር ውስጥ ጣሉት፣ በዝርዝሩ ላይ ይወጣል። ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ክዌሪ ኢንፎ» ብትሉት የሞዱን ስምና ቨርዥን ከኔክሰስ ያመጣለታል።

መጫን

ዳውንሎድስ ገጽ ላይ ያለውን ሞድ ሁለት ጊዜ ክሊክ አድርጉ። ሦስት ነገር ሊመጣ ይችላል።

አንደኛው ስም ብቻ የሚጠይቅ ትንሽ መስኮት ነው፤ ኦኬ በሉት። ሁለተኛው ፎሞድ የሚባለው ደረጃ በደረጃ የሚያስመርጥ መስኮት ነው። እዚህ ቀስ በሉ፦ ፓራላክስ (ጠፍጣፋ ምስልን ጥልቀት ያለው የሚያስመስል ዘዴ) ይፈልጋሉ ወይ፣ ኢኤንቢ አለ ወይ፣ የትኛው ሌላ ሞድ ተጭኗል እያለ ይጠይቃል። የሌላችሁን ሞድ ፓች፣ ማለትም ሁለት ሞዶችን የሚያስማማ ፋይል፣ ከመረጣችሁ በኋላ ሐምራዊ ግድግዳ ትጠብቃላችሁ።

ሦስተኛው የፎልደሩን ይዘት አሳይቶ ቅር የሚለው ነው። ይህ የሚሆነው ሞዱን የሠራው ሰው ፎልደሩን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ ሲያሽገው ነው። ሞድ ኦርጋናይዘር ከላይ ማየት የሚፈልገው «ቴክስቸርስ» ወይም «ሜሽስ» የሚል ፎልደር ነው። «ቴክስቸርስ»ን በቀጥታ የያዘውን ፎልደር ፈልጋችሁ ራይት ክሊክ አድርጉና የዳታ ፎልደር አድርጉት። ከታች ያለው ጽሑፍ አረንጓዴ ከሆነ ልክ ነው። ይህን ሳያስተካክሉ በግድ መጫን «ሞዱ አይሠራም» የሚባልበት የተለመደ ምክንያት ነው።

ሲያልቅ ሞዱ በግራ ዝርዝር ይገባል፤ ሳጥኑ ላይ ምልክት አድርጉ። ፋይሉ እየተፈታ ሳለ መብራት ከጠፋ በተገኘው አትቀጥሉ፤ ሞዱን ከዝርዝሩ አጥፍታችሁ እንደገና ጫኑት። ግማሹ የተጻፈ የዲዲኤስ ፋይል ስሙ ትክክል ስለሆነ ምንም ምልክት አይሰጥም፣ ቦታው ስትደርሱ ጌሙ ይዘጋል እንጂ።

ቅደም ተከተሉ

በግራ ዝርዝር ወደ ታች ያለው ያሸንፋል። ከዚህ የሚከተለው ደንብ ግልጽ ነው፦ ሰፊው ከላይ፣ ጠባቡ ከታች።

ከሁሉም በላይ ጌሙን ባጠቃላይ የሚሸፍነው መሠረት ይቀመጣል፤ «ኖብል ስካይሪም» ወይም «ስካይላንድ» ዓይነቱ። አንድ መሠረት ይበቃል። ሁለት መሠረት መጫን የሁለት ሰዎችን የቀለም ምርጫ መቀላቀል ነው፤ አንዱ መንደር ቢጫ፣ ሌላው ግራጫ ይሆናል። «ስታቲክ ሜሽ ኢምፕሩቭመንት»፣ በተለምዶ ስሚም የሚባለው፣ ከመሠረቱም በላይ ይሁን። የእሱ ዋና ስጦታ ቅርጹ ነው፤ ቅርጹን ብዙውን ጊዜ ማንም አይነካበትም፣ ምስሉን ግን ከታቹ ያለው መሠረት እንዲያለብሰው ትፈልጋላችሁ። ከመሠረቱ ሥር መሬትና ተራራ፣ ቀጥሎ ለየከተማው የተሠሩት፣ ቀጥሎ የጦር ዕቃና ልብስ፣ ቀጥሎ ቆዳና ፊት፣ ከሁሉም በታች ነጠላ ነገር የሚቀይሩትና ፓቾች።

በዝርዝሩ ላይ የመብረቅ ምልክት ታያላችሁ። የመደመር ምልክት ያለው ሌላውን ሸፍኗል፣ የመቀነስ ምልክት ያለው ተሸፍኗል፣ ሁለቱንም የያዘ በአንድ በኩል ሸፍኖ በሌላ በኩል ተሸፍኗል። መብረቅ ስሕተት አይደለም፤ ቴክስቸር መሸፋፈን የታሰበው ሥራ ነው። ትኩረት የሚያስፈልገው ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ሞድ ሲኖር ነው። አንድ ፋይሉም የማይታይ ከሆነ ወይ ቦታው ተሳስቷል ወይ አያስፈልጋችሁም።

ዝርዝሩን ለማየት ሞዱን ሁለት ጊዜ ክሊክ አድርጋችሁ «ኮንፍሊክትስ» የሚለውን ገጽ ክፈቱ። የሸፈናቸውና የተሸፈነባቸው ፋይሎች በስም ተዘርዝረዋል። አንድን ሞድ በሙሉ ሳታንቀሳቅሱ አንድ ፋይሉን ብቻ መተው ከፈለጋችሁ ፋይሉን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ደብቁት፤ ስሙ ላይ ቅጥያ ተጨምሮ ጌሙ አያየውም፣ ሲያስፈልግ ይመለሳል። ለምሳሌ የመሬት ሞዳችሁን ወዳችሁ በረዶውን ብቻ ከጠላችሁ የምትደብቁት ሁለት ፋይል ነው፦ «ስኖው01» እና ኖርማል ማፑ። ሁለቱንም አብራችሁ።

ሲጨርሱ መፈተሽ

ሁሉንም ጭኖ አንድ ጊዜ ከመክፈት አንድ ጥቅል ጭኖ አንድ ጊዜ ማየት ይሻላል። ለፍተሻ ከዋናው ሜኑ ኮንሶሉን፣ ማለትም ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ክፈቱ፤ ከኢኤስሲ ሥር ያለው ቁልፍ ነው። ኪቦርዳችሁ አማርኛ ላይ ከሆነ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት፣ አለዚያ የጻፋችሁትን አይቀበልም። ሲ፣ ኦ፣ ሲ ብላችሁ ክፍት ቦታ ትታችሁ «ሪቨርውድ» ብትጽፉ መንደሩ ውስጥ ትገባላችሁ። እንጨት፣ ድንጋይ፣ ውኃ፣ ሣር፣ ሰው ሁሉም በአንድ ቦታ ስላሉ ለማየት ይመቻል። ቲ፣ ኤፍ፣ ሲ ካሜራውን ነፃ ያደርገዋል። በዚህ መንገድ ገብታችሁ ሴቭ አታድርጉ፤ ዋናው ታሪክ በአግባቡ ያልጀመረበት ባዶ ገጸ ባሕርይ ነው።

ታስክ ማናጀሩን ከበስተጀርባ ክፍት አድርጋችሁ ከቤት ውጪ ለአምስት ደቂቃ ሩጡ። ቪራሙ ከጠቅላላው 90 በመቶ ካለፈ ትልቁን ሞድ ወደ ዝቅተኛው መጠን ቀይሩት። ቤት ውስጥ ቆሞ መለካት ያታልላል፤ ከባዱ ሸክም ሜዳው ነው።

የሚያጋጥሙ ብልሽቶች

ደማቅ ሐምራዊ። ሜሹ የጠየቀው ምስል በተባለው አድራሻ የለም ማለት ነው። ወይ የሚያስፈልግ ሌላ ሞድ አልተጫነም፣ ወይ ፎሞዱ ላይ የሌላችሁ ፓች ተመርጧል። የትኛው ምስል እንደጎደለ ለማወቅ ሜሹን ኒፍስኮፕ በሚባለው የሜሽ መክፈቻ ፕሮግራም ክፈቱት፤ የሚፈልጋቸው የምስል አድራሻዎች በሙሉ ውስጡ ተጽፈዋል። አድራሻውን ሞድ ኦርጋናይዘር ውስጥ «ዳታ» ገጽ ላይ ፈልጉት። የቀይ ቃለ አጋኖ ምልክት ከታየ ግን የጎደለው ሜሽ ነው፣ ቴክስቸር አይደለም።

ላስቲክ የለበሰ የሚመስል የሚያብረቀርቅ መሬት። የኖርማል ማፑ አልፋ ቻናል፣ ማለትም ከቀለሞቹ ሌላ የሚቀመጠው አራተኛው መረጃ፣ ነጸብራቁ ምን ያህል እንደሆነ ይነግራል። ፋይሉ አልፋ በሌለው ዓይነት ተጨምቆ ከሆነ ጌሙ ሁሉንም ቦታ ሙሉ ነጸብራቅ አድርጎ ይወስደዋል። የሌላ ሞድ ኖርማል ማፕ እንዲያሸንፍ አድርጉ፤ ምስሎችን ራሳችሁ የምትጨምቁ ከሆነ ደግሞ ኖርማል ማፕን በቢሲ1 አታድርጉ።

ሰማያዊ ወይም ጥቁር የሚሆን ግድግዳ። ፓራላክስ እንዲጠቀም የተዘጋጀ ሜሽ አለ፣ በአንደርስኮርና በፒ የሚያልቀው የከፍታ ምስል ግን የለም። ስፔሻል ኤዲሽን ላይ ፓራላክስ የሚሠራው በኢኤንቢ ወይም ኮሚዩኒቲ ሼደርስ በሚባለው የግራፊክስ ሞድ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ከሌላችሁ የፓራላክስ ሜሾችን አትጫኑ።

አንገት ላይ መስመር። ፊቱ ከአንድ ሞድ፣ አካሉ ከሌላ ነው። ፊት፣ አካልና እጅ ከአንድ ሞድ ይሁኑ። ለሴት ገጸ ባሕርያት የአካል ዓይነቱም መግጠም አለበት፤ ሲቢቢኢ ለሚባለው የአካል ሞድ የተሠራ ቆዳ ዩኤንፒ በሚባለው ላይ ከተደረገ ምስሉ ተጠማዝዞ ይቀመጣል። የተወሰኑ ሰዎች ፊት ብቻ ጠቁሮ ወይም ግራጫ ሆኖ ከታየ ግን የቴክስቸር ሞዱን አትክሰሱት፤ የሰውየውን ፊት የቀየረ ፕለጊንና የፊቱ ፋይል አልተገናኙም።

ምንም አልተቀየረም። በዚህ ቅደም ተከተል እዩ፦ ጌሙ የተነሣው ከሞድ ኦርጋናይዘር ነው? ሳጥኑ ላይ ምልክት አለ? ከሥሩ ያለ ሌላ ሞድ ሸፍኖታል? «ቴክስቸርስ» ፎልደር በትክክለኛው ደረጃ ላይ ነው?

የሩቁ ተራራ አሁንም ድሮው ነው

አጠገባችሁ ያለው መሬት አዲስ፣ ከሸለቆው ማዶ ያለው ግን የቀድሞው ቀለም ሆኖ ከቀረ አልተሳሳታችሁም። ለርቀት የሚታየው ገጽታ ሎድ የሚባል፣ አስቀድሞ ተሠርቶ የተቀመጠ ሌላ ምስል ነው፤ ሞዳችሁ አይደርስበትም። ከሞዶቻችሁ እንደገና መሥራት አለባችሁ፣ ያም የመጨረሻው ሥራ ነው። ሞድ ብትጨምሩ ሁሉም እንደገና ስለሚሠራ ዝርዝራችሁ ሳይረጋ አትጀምሩት።

ሥራው በሦስት ፕሮግራም ነው፣ ተራውም ይህ ነው፦ መጀመሪያ ኤክስሎድጀን ለመሬቱ፣ ቀጥሎ ቴክስጀን ለዛፍና ለሕንጻ የርቀት ምስሎች፣ በመጨረሻ ዳይንዶሎድ። ሦስቱም ከሞድ ኦርጋናይዘር ውስጥ ይነሣሉ፤ አለዚያ የሚያዩት ድሮውን ጌም ነው። የሚያወጡትን ፋይል ወደ ጌሙ ፎልደር ሳይሆን ወደ ሌላ ቦታ አውጥታችሁ እንደ ሞድ ጫኑት፣ ዝርዝሩ ግርጌ ላይ። የዳይንዶሎድ ውጤት ፕለጊን ስላለው ከቴክስቸር ሞድ በተለየ ሴቩ ውስጥ ይገባል፤ መሀል ላይ ለማንሳት የራሱ መመሪያ አለው፣ እሱን ሳትከተሉ ምልክቱን አታንሱበት።

ቪራም አልበቃም ካለ

መጀመሪያ ዝቅተኛውን መጠን ከሞዱ ገጽ አውርዱ፤ ከሁሉም ንጹሑ መንገድ ይኸው ነው። ዝቅተኛ ከሌለው ሁለት መሣሪያ አለ። ካቴድራል አሴትስ ኦፕቲማይዘር አንድን የሞድ ፎልደር ወስዶ ምስሎቹን ይቀንሳል፤ የሚጽፈው በፋይሉ ላይ ስለሆነ ዋናውን ጥቅል አታጥፉ። ከድሮው ስካይሪም የመጡ ችግር ያለባቸውን ምስሎች ለማስተካከልም ያገለግላል። ቪራምአር ደግሞ የሚያሸንፉትን ምስሎች ብቻ ከሁሉም ሞድ ሰብስቦ የተቀነሰ ቅጂያቸውን እንደ አንድ ሞድ ያወጣል፤ ሰዓታት ይወስዳል፣ ብዙ ባዶ ዲስክም ይፈልጋል። ውጤቱ ዝርዝሩ ግርጌ ላይ ስለሚቀመጥ ከዚያ በኋላ የጨመራችሁትን ሞድ ሊሸፍነው እንደሚችል አትርሱ።

ሞድ ሲታደስ

አዲስ ቨርዥን ስትጭኑ ሞድ ኦርጋናይዘር በዚያው ስም ሞድ እንዳለ አይቶ ምርጫ ይሰጣል። ሙሉ አዲስ ቨርዥን ከሆነ «ሪፕሌስ» በሉት። «መርጅ» የሚመረጠው ያወረዳችሁት ለዋናው ሞድ የተሠራ ትንሽ ማሻሻያ ሲሆን ብቻ ነው። ሙሉ ቨርዥንን በመርጅ ካስገባችሁት አዲሱ ላይ የተሠረዙት ፋይሎች ከድሮው ተርፈው ይቀራሉ፤ ለወራት ደህና የነበረ ግንብ በድንገት ሁለት ዓይነት ድንጋይ ሆኖ የሚታየው እንዲህ ሲሆን ነው።